«ቡቺ ሰው አይነካም» ላልሽኝ እህቴ

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቤቱ በእናቴ ስም በዕጣ የደረሰን ነው። እሷ ካረፈች በኋላ በውርስ ወደ እኔ ዞሯል። ብቻዬን ነኝ። አንድ ጊዜ ሌባ በሬን ሰብሮ ስለገባ ጓደኛዬ ለጥበቃ ብላ ቡችላ ሰጠችኝ። ስሙ ቡቺ ነው፤ አሁን ትልቅ ውሻ ሆኗል። ማንንም ነክሶ አያውቅም። የብሎኩ ልጆችም ይወዱታል። ጠዋትና ማታ በሩን ስከፍትለት ብቻውን ወርዶ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። ባለፈው ወር ግን እየሮጠ ሲወርድ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ደንግጠው ደረጃው ላይ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ጉልበታቸውን ግን እስካሁን ያማቸዋል። ቡቺ አልነካቸውም። ከዚያ የብሎክ ኮሚቴው ‹ውሻውን በ15 ቀን ውስጥ አስወጪ፤ ከእንግዲህ በግቢያችን ውሻ ማሳደግ ክልክል ነው› የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ በሬ ላይ ለጠፈብኝ። ጥበቃዎቹ የሚመግቧቸው ሦስት ውሾች ግን ግቢው ውስጥ እንደልባቸው ናቸው፤ ስለ እነሱ ትንፍሽ የሚል የለም። ኮሚቴው ይህን የማድረግ መብት አለው? ልክሰሳቸው? ወይስ ቡቺን ደብረ ብርሃን ላለው አጎቴ ልስጠው? እሰሪው የሚሉኝም አሉ፤ ውሻ ማሰር ግን ጭካኔ ይመስለኛል። እባክዎ ይምከሩኝ። የቡቺ ባለቤት።»

እህቴ፣ ኮሚቴው ውሻሽን አስወጪ ማለቱ ትክክል አይመስለኝም። አንቺም ቡቺን ያለ ገመድ መልቀቅሽ ትክክል አይደለም። ካንቺው ልጀምር። የራስሽን ሳታስተካክዪ ስብሰባ ላይ ብትቆሚ የሚሰማሽ የለምና።

የኮንዶሚኒየም ደረጃ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ውኃ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ሰሞን ሰው ሁሉ ጄሪካን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አንዲት ሴት በአንድ እጇ እሱን ይዛ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ጨብጣ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ከላይ ውሻ ሲወረወርባት በምን እጇ ትከላከል? ወዴትስ ትሽሽ? እዚያች መታጠፊያ ላይ ቡቺ ደግ ይሁን ክፉ ማን ጊዜ አግኝቶ ይለያል? መውደቅ ነው ያለው። ጎረቤትሽም የወደቁት እንዲሁ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ «ቡቺ አልነካቸውም» የምትል አረፍተ ነገር አለች። እሷን እንድትተዪያት እለምንሻለሁ። ኮሚቴ ፊትም፣ ሽማግሌ ፊትም፣ ፍርድ ቤትም አትጠቅምሽም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦታል። ቁጥር 2071ን አንብቢው። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በአጋጣሚ አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ያንቺ ደግሞ አምልጦሽ እንኳ አይደለም፤ በሩን ከፍተሽ የላክሽው አንቺ ነሽ። እኚያ እናት ለሕክምና ያወጡትን ክፈዪኝ ብለው ቢከሱሽ መከራከሪያሽ ቀጭን ነው። እስካሁን አልከሰሱሽም። ይህን የጎረቤት ወግ ቁጠሪላቸው።

ስለ ፍርሃቱም ልንገርሽ። ውሻ የሚፈራን ሰው «ምን ያስፈራል፣ አይነካም እኮ» ማለት የተለመደ ነው። ባለቤቱ ከላይ ይጮሃል፤ የሚፈራው ሰው ታች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። የአገራችን ሰው ውሻ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጉለሌ ያለውን፣ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራውን ተቋም ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎችን ጠይቂያቸው። ለረጅም ዓመታት የተነከሰ ሰው የሚወጋው ከበግ አንጎል የተዘጋጀ ክትባት ነበር። በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። ያን መርፌ በልጅነቱ የቀመሰ፣ ወይም ወንድሙ ሲወጋ ያየ ሰው ውሻ ሲያይ ልቡ ቢመታ አትፍረጂበት። ዛሬ ክትባቱ ተሻሽሏል፤ ክንድ ላይ በጥቂት ዙር ይሰጣል። ትዝታው ግን ከሰው ገላ አልወጣም።

ሌላም አለ። ሙስሊም ጎረቤቶች ይኖሩሻል። ለሱብሂ ውዱእ አድርጎ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ሰው ላይ ውሻ በእርጥብ አፍንጫው ቢታከክበት ብዙዎች ተመልሰው ይታጠባሉ፤ ልብስም ይቀይራሉ። ሰላቱ ሊያመልጣቸው ይችላል። ኪዳን ለማድረስ ነጠላ አጣፍተው የሚወርዱ እናቶችም ውሻ እንዲነካቸው አይፈልጉም። አንቺ ቡቺን የምታወጪበትና እነሱ ወደ ጸሎት የሚወጡበት ሰዓት ደግሞ አንድ ነው። እኔ እንደማስበው በኮንዶሚኒየም ስለ ውሻ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከንክሻ የሚመጣ አይደለም። ሰው ሳይፈልግ መነካቱ ነው የሚያንገበግበው። ገመድ ይህን ሁሉ ይፈታል። ቡቺ ካንቺ ጎን ከሆነ የሚያልፈው ሰው መነካት አለመነካቱን ራሱ ይወስናል። ልጆቹ መደባበስ ከፈለጉ ይጠይቁሻል። የማይፈልግ ሰው ሰላም ብሎሽ ያልፋል።

ማሰር ጭካኔ ነው ላልሽው ግን ሁለት ዓይነት ማሰር አለ። ውሻን ግንድ ላይ ወይም ብረት ላይ በአጭር ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ አስሮ መዋል ክፉ ነገር ነው። ውሻው ይጨነቃል፣ ይቆጣል፣ ቆይቶ ተናካሽ ሊሆን ይችላል። በጓሮ ሰንሰለት አንገቱ የተላጠ ውሻ አይተሽ ከሆነ ማዘንሽ ተገቢ ነው። በእጅሽ ገመድ ይዘሽ፣ አብረሽው ወርደሽ፣ አብረሽው ግቢውን ዞረሽ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ለውሻው ደስታ ነው። አሁን ቡቺ ብቻውን ወርዶ ብቻውን ይመለሳል፤ በመኪና ቢገጭ፣ መርዝ ቢበላ፣ ከግቢው ውሾች ጋር ቢጣላ አታውቂም። በ15 ደቂቃ የእግር ጉዞ ካንቺ ጋር የሚያገኘውን በዚያ አያገኘውም።

ገመዱን ስትገዢ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ጨርቅ ገመድ ይበቃል። ያ እየተለጠጠ እየተጠቀለለ የሚረዝመው ዓይነት ለደረጃ አይሆንም። ቡቺ መታጠፊያውን አልፎ ሲሄድ አንቺ ገና ከላይ ነሽ፤ ቀጭኑ ገመድም የሰው እግር ላይ ይጠመጠማል። ጎታች ውሻ ከሆነ በአንገቱ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ ደረቱንና ጀርባውን የሚይዘው ማሰሪያ ይሻለዋል፤ አንገቱን አያንቀውም። ነጻነት የለመደ ውሻ መጀመሪያ ይታገላል። ስለዚህ ደረጃው ላይ አትጀምሪ። ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ አስረሽው ሳሎንና ኮሪደር አመላልሺው፤ ሳይጎትት ሲሄድ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሥጋ ስጪው። ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ደረጃውን ውረዱ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ጋ ስትደርሺ ቁሚ፣ ቡቺንም አስቁሚው፣ ሰው እየወጣ መሆኑን እዪ። ሰው ካለ ገመዱን አሳጥረሽ ቡቺን ግድግዳው በኩል አድርጊ፤ አንቺ መሐል ሁኚ። ይህን ሳምንት ሁለት ሳምንት ካደረግሽ ራሱ እየቆመ ይጠብቅሻል። ጎረቤቶችሽም ያያሉ። ስብሰባ ላይ ከምትናገሪው ሁሉ ይበልጥ ይህ ይናገርልሻል። ገመዱን ግን ለጎረቤት ልጅ አታስይዢ። ቡቺ ድመት አይቶ ቢፈተለክ ልጁን ጎትቶ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልምጣ።

የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ቤት የግል፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው ደግሞ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። የጋራውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። አንቺም እንደ ባለቤት የማኅበሩ አባል ነሽ። ስለዚህ መክሰሱን አሁን አቆዪው፤ መጀመሪያ ጠይቂ። ለኮሚቴው በጽሑፍ፣ በትሕትና እንዲህ በይ፦ «የተለጠፈብኝ ውሳኔ የተመሠረተበትን የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽና ውሳኔው የተላለፈበትን ቃለ ጉባኤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ደብዳቤሽን ገቢ አስደርገሽ በቀሪው ላይ አስፈርሚ።

ሦስት ነገር ሊያጋጥምሽ ይችላል። ደንቡ ውስጥ ውሻን የሚከለክል አንቀጽ ካለና ቤቱን ስትረከቡ የነበረ ከሆነ ክርክርሽ ከባድ ነው። ደንቡ እንዲሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ ማቅረብ ይኖርብሻል። ደንቡ ስለ ውሻ ምንም የማይል ከሆነ ግን አራት አምስት ሰው ተሰብስቦ ማኅተም ስላሳረፈበት ብቻ ወረቀቱ ሕግ አይሆንም፤ ጉዳዩ ለአባላት ይቅረብ ብለሽ የመጠየቅ በቂ ምክንያት አለሽ። ደንቡም ቃለ ጉባኤውም ጭራሹኑ የማይገኝበት ግቢም ሞልቷል። እንዲያ ከሆነ ይህ አጋጣሚ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ነገ ስለ ሙዚቃ ድምፅ፣ ስለ ከሰል ምድጃ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ሲጣሉ የሚገላግላቸው ደንብ ያስፈልጋቸዋልና።

ኮሚቴውን ግን እንደ ጠላት አትዪው። ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ መልስ፣ የሁሉንም ሰው ጭቅጭቅ የሚሰማ ሰው ነው። አንዲት እናት ወድቀው ጎረቤት ሁሉ ሲጮህበት በአንድ ምሽት ወረቀት ጻፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። «ውሻ ክልክል ነው» የሚል ደንብም እንዲሁ ነው። አይጸናም፤ ሰዉ ውሻውን አያስወጣም፣ ይደብቃል። የተደበቀ ውሻ ክሊኒክ አይወሰድም፣ አይከተብም፣ ከቤት አይወጣም፣ ሰው አይለምድም። አንድ ቀን በር ተከፍቶ ሲያመልጥ ከቡቺ አሥር እጥፍ የሚያስፈራ እሱ ነው። መደበቅ ያቃተው ደግሞ በሌሊት ወስዶ ሌላ ሰፈር ይጥለዋል። እዚያ ይራባል፣ ይባዛል። ይህን በስብሰባው ላይ አንሺው፤ ለውሻ ከማዘን ሳይሆን ለልጆቻችሁ ጤና ከማሰብ አንሺው።

የጥበቃዎቹን ውሾች በተመለከተ እውነት አለሽ። ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የትኛውም ግቢ ብትሄጂ የማንም ያልሆኑ ሁለት ሦስት ውሾች አሉ። ጥበቃው ፍርፋሪ ይሰጣቸዋል፣ ሌሊት አብረውት ያድራሉ፣ ለእሱም አጋር ናቸው። በብርድ ሌሊት በአንድ ዱላና በአንድ ባትሪ ግቢ የሚጠብቅ ሰው ውሻ ቢወድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቡቺን አስረሽ ስትወርጂ እነዚህ ሦስቱ ከበው ሊጮሁበት ይችላሉ። የታሰረ ውሻ ሲከበብ መሸሽ ስለማይችል ይቆጣል፤ ያን ጊዜ መሐል የምትገቢው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ገመድ የሚያዝዘው ደንብ ባንቺ ውሻ ላይ ብቻ ከተጻፈ ፍትሐዊነቱ ቀርቶ ሥራም አይሠራም።

እኔ የምለው፣ ማኅበሩ ከሁለት አንዱን ይምረጥ። ውሾቹ የግቢው ናቸው ካለ ባለቤታቸው ማኅበሩ ነው። ከጋራ መዋጮው ያስከትባቸው፣ እንዳይባዙ ያስኮላሻቸው፣ በቀን ጥበቃው ቤት አጠገብ ታጥረው ይዋሉ፣ ማታ ደጃፉ ሲዘጋ ይፈቱ። የግቢው አይደሉም ካለ ደግሞ መመገቡ ይቁምና ለከተማው የሚመለከተው አካል ይነገር። ለአሥር ዓመት እየመገቡ አንድ ቀን ሰው ሲነከስ «የማንም አይደሉም» ማለት አይቻልም። ይህን ስታነሺ ግን «የእነሱን ትታችሁ የኔን» በሚል እልህ አታንሺው። ጥበቃውም ሰው ነው፤ እንጀራው ነው። ከስብሰባው በፊት አነጋግሪው። ምናልባት ከማንም በላይ ያንቺን ሐሳብ የሚደግፈው እሱ ይሆናል።

ክትባቱን ደብዳቤሽ ላይ አላነሳሽውም። ቡቺ ተከትቧል? ካልተከተበ ዛሬ ነገ ሳትዪ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። ቡችላ ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምለታል። ወረቀቱን አስጽፈሽ ያዢ። ለኮሚቴውም ኮፒ ስጪ፣ ሳይጠይቁሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው በውሻ የሚመጣ ነው። አጠራጣሪ ውሻ ከሚነክሳቸው ሰዎችም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ከተማ ውስጥ እንዳይዛመት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ እንዳለበትም ይመክራል። ግቢያችሁ ውስጥ አራት ውሾች ካሉና አራቱም ከተከተቡ የእናንተን ድርሻ ተወጥታችኋል።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ይህን ለጥፉ፤ ለግቢው ሁሉ የሚጠቅም ነው። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው። ሰዓት ይዞ ነው የሚታጠበው፤ 15 ደቂቃ ሲታጠቡት ረጅም ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅጠል ምንም አይደረግበት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አይገደል፤ ለ10 ቀናት ታስሮ ይታይ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሰዉ በንዴት ውሻውን ወዲያው ስለሚገድለው ይህ መረጃ ይጠፋል። ጤና ጣቢያ መሄዱ ግን 10 ቀን አይጠብቅም።

የበዓል ሰሞንም አለ። ኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራ መገልገያው ቤት፣ ውስጥ ቅርጫ ሲታረድ የግቢውም የውጪውም ውሻ ይሰበሰባል። ሰው እየሳቀ ሳንባና ጉበት ይወረውርላቸዋል። እዚህ ላይ በጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ያ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዐይነ ምድሩ ይወጣል። ሜዳው ላይ የሚጫወት ልጅ በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል፤ ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ከረጢት የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥ፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቡቺንም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጪው። ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ደግሞ አንቺው አንሺው። ወረቀት ወይም ከረጢት ይዘሽ ውረጂ፣ ቋጥረሽ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሪ። ብቻውን ስትለቂው እስከ ዛሬ ማን ሲያነሳልሽ እንደነበር አስበሽ ታውቂያለሽ? ወይ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ወይ የልጆቹ ኳስ።

ስብሰባው ላይ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሰው «ታዲያ ምን ይደረግ?» ሲል የሚነበብ ነገር ይኑርሽ። እኔ እንዲህ ብዬ ጽፌልሻለሁ፤ እንደ ግቢያችሁ ሁኔታ አስተካክዪው፦

«በደረጃ፣ በኮሪደር፣ በኮሚናል፣ በመኪና ማቆሚያና በግቢው ሜዳ ማንኛውም ውሻ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ገመድ ታስሮ፣ ገመዱን መቆጣጠር በሚችል አዋቂ ሰው እጅ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በደረጃ ላይ ቅድሚያ ለሰው ነው፤ ውሻ የያዘ ሰው ቆሞ ያሳልፋል። የውሻው ባለቤት ዓመታዊ የክትባት ማስረጃ ለማኅበሩ ያስመዘግባል። ውሻው በጋራ ቦታ ሲጸዳዳ ባለቤቱ ወዲያውኑ ያነሳል። በግቢው የሚመገቡ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በማኅበሩ ኃላፊነት ይከተባሉ፣ በቀን ታጥረው ይውላሉ። ይህን የተላለፈ በመጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነውን መቀጫ ይከፍላል።»

መቀጫው ስንት ይሁን የሚለውን ለአባላቱ ተዪው። አንቺ ግን «ከእኔ ጀምሩ» በያቸው። ውሻ የሌለው ሰው ስለ ውሻ ደንብ ሲያወጣ መከልከል ይቀለዋል። ባለ ውሻዋ ራሷ «እሰሩኝ» ብላ ስትመጣ ግን ስብሰባው ይለዝባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሦስተኛ ፎቅ ውረጂ። ከወደቁ ወር ሆኗል፤ ደብዳቤሽ ላይ ሄደሽ እንደጠየቅሻቸው አልጻፍሽም። ካልሄድሽ ዛሬ ማታ ሂጂ። ቡቺን ቤት ተዪው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ የሚያከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ግቢ። «እማማ፣ በእኔ ጥፋት ነው የወደቁት፤ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። «ቡቺ እኮ…» ብለሽ አትጀምሪ። ሐኪም ዘንድ እወስድዎታለሁ በያቸው፤ ውሰጃቸውም። ራጅም ከታዘዘ ክፈዪ፣ መድኃኒቱንም ግዢ። በሕግም ያንቺ ዕዳ ነው፤ ከሕጉ በፊት ግን ጎረቤትሽ ናቸው። ጉልበታቸው እስኪድን ውኃ ሲጠፋ አንድ ጄሪካን አውጪላቸው። ምናልባት ይቆጡሻል፤ ይቆጡ። ሰምተሽ ተመለሺ።

ለአጎትሽ ስለመስጠቱ፣ ቡቺን አያሳድግ አልልም። ደብረ ብርሃን ሰፊ ግቢ ካለው፣ ውሻ የሚወድ ሰው ከሆነና ደንቡ እውነትም የሚከለክልሽ ሆኖ ከተገኘ ጥሩ መውጫ ነው። ኮሚቴው በሰጠሽ 15 ቀን ተደናግጠሽ ግን አትላኪው። ኮንዶሚኒየም ያደገ ውሻ መኪና፣ ጅብና የጎረቤት በጎች የሚያልፉበት ቦታ ላይ ድንገት ቢለቀቅ ይጠፋል፣ ወይም በግ አባረረ ተብሎ ይገደላል። ከሄደም ተከትቦ፣ ገመድ ለምዶ፣ አንቺም ጥቂት ቀን አብረሽው ሰንብተሽ ይሂድ። እስከዚያው ለኮሚቴው የምትጽፊው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ እስኪታይ ድረስ ውሻዬን በገመድ ብቻ እንደማወጣ አረጋግጣለሁ፤ የተሰጠኝ የ15 ቀን ጊዜም እስከዚያ እንዲራዘም እጠይቃለሁ።» ከዚያ ያረጋገጥሽውን አንድም ቀን አታፍርሺ። እንቅልፍ ቢይዝሽም፣ ዝናብ ቢሆንም፣ ደረጃው ላይ ማንም የሌለ ቢመስልሽም ገመዱን እሰሪ።